ዴቢያን ላይ ዝግ ድራይቨር መጫን፦ ከአንድ ዋይፋይ የተነሳ ክርክር

እዚህ መድረክ ላይ ጥያቄውን የከፈተው አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። አጎቱ ከአሜሪካ የላኩለት የ2013 ማክቡክ ኤይር አለው። የማኩ ሲስተም ስላረጀበት አጥፍቶ ዴቢያን 12 የሚባለውን ሊኑክስ ጫነበት። ስክሪኑ ይሠራል፣ ድምፁ ይሠራል፣ ባትሪውም ደህና ነው። ዋይፋይ ግን የለም። ይቆራረጣል ወይም ይደክማል ማለቱ አይደለም፤ ማሽኑ ዋይፋይ የሚባል ነገር ኖሮት የማያውቅ ነው የሚመስለው።

ሁለት ነገር ጠየቀ። አንደኛ፣ ይህ እንዴት ይስተካከላል? ሁለተኛ፣ መፍትሔው ዝግ (ኮዱ የማይታይ) ድራይቨር መጫን ከሆነ፣ ነፃ ሶፍትዌር (ማንም ኮዱን አይቶ የሚቀይረው) ነው ብሎ ዴቢያንን የመረጠ ሰው ምኑን መረጠ?

የመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መልስ ቁጥር 10 ድረስ አለቀ። ክሩን፣ ማለትም የመልሶቹን ሰንሰለት፣ ያስረዘመው ሁለተኛው ነው። መሀል ላይ ብዙ ጭቅጭቅ ስላለበት፣ አዲስ ለሚገቡ ብዬ ሂደቱን በራሴ ቃል እነግራችኋለሁ። ገለልተኛ ነኝ አልልም።

ቁጥር 1 ጥያቄው ከወጣ ደቂቃ ሳይቆይ ነው የመጣው። በራሱ የሚተማመን ሰው ነው። ዴቢያን 12 ፈርምዌሩን (ካርዶቹ ራሳቸው ላይ የሚሠራውን ኮድ) ሁሉ ከነመጫኛው ይዞ ስለሚመጣ ልጁ ያወረደው የቆየ ፋይል መሆን አለበት፣ እንደገና አውርዶ ይጫን አለ። ቁጥር 2 ተስማማ። ምክንያት ግን አልጨመረም።

ቁጥር 3 ታሪኩን አመጣው፤ ለማያውቁት ጠቃሚ ነው። ዴቢያን እ.ኤ.አ. በ1997 ባጸደቀው ማኅበራዊ ውሉ ሲስተሙ ሙሉ በሙሉ ነፃ እንደሚሆን ቃል ገብቷል። ዝግ የሆነው ነገር ነን-ፍሪ በሚባል ለብቻው በተለየ ክፍል ይቀመጣል፤ የሲስተሙ አካል ተደርጎ አይቆጠርም። ስለዚህ ኦፊሴላዊው መጫኛ ለዓመታት ያለ ፈርምዌር ነበር የሚወጣው። ጭነቱ መሀል ላይ ይቆምና የጎደሉትን ፋይሎች ስም ደርድሮ በፍላሽ አምጡልኝ ይላል። ፈርምዌሩን የያዘ ሌላ መጫኛም ነበር፤ ግን ኦፊሴላዊ ያልሆነ ተብሎ ፈልጎ የሚያገኘው ብቻ የሚያገኘው ቦታ ተቀምጧል። ቁጥር 3 ይህን እንዳያማህ ጥራው እንዳይበላ ግፋው ብሎ ገለጸው፤ ከክሩ ሁሉ የወደድኩት አባባል ነው። በ2022 የዴቢያን አባላት ድምፅ ሰጡና ውሉ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ተጨመረ፦ ሃርድዌሩ የሚፈልግ ከሆነ ኦፊሴላዊው መጫኛ ዝግ ፈርምዌር ሊይዝ ይችላል። በሰኔ 2023 የወጣው ዴቢያን 12 በዚሁ መሠረት የመጀመሪያው ነው።

እስከዚህ ሁሉም ልክ ነው። ችግሩ ይህ ሁሉ የልጁን ላፕቶፕ አለመመልከቱ ነው።

ይህን ያየችው ቁጥር 4 ናት። የኮምፒዩተር ጥገና ቤት ያላት ሴት ናት፤ እዚህ መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ ትመልሳለች፣ ሳትጠይቅ አትመልስም። ቁጥር 1ን በትህትና ወንድሜ ብላ ጀምራ፣ የሰጠው መልስ ኢንቴል ወይም ሪልቴክ ካርድ ላለው ሰው ጥሩ እንደሆነ፣ ግን ማንም ቺፑ ምን እንደሆነ ልጁን እንዳልጠየቀው ጻፈች። የማሽኑን ካርዶች የሚዘረዝረውን ኤልኤስፒሲአይ የሚለውን ትዕዛዝ ተርሚናል ላይ አስኪዶ የኔትወርክ ካርዱን መስመር እንዲያመጣ ጠየቀችው። ልጁ ኢንተርኔት ስለሌለው ስክሪኑን በስልኩ አንስቶ በቁጥር 5 ለጠፈው። ፎቶው ጠማማና ነጸብራቅ የበዛበት ነው፤ ሆኖም ብሮድኮም ቢሲኤም 4360 የሚለው ይነበባል።

ቁጥር 6 የራሷ የሴትዮዋ ነው። በእኔ እምነት ለሁለተኛው ጥያቄም መልሱ ያለው እዚሁ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተጨቃጨቁት ብዙዎቹ አላነበቡትም እንጂ።

ያለችው ይህ ነው። ዝግ የምንለው ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ፈርምዌር ካርዱ ላይ ባለው ትንሽ ፕሮሰሰር ላይ የሚሠራ ኮድ ነው፤ ሊኑክስ ፋይሉን ከዲስክ አንስቶ ለካርዱ ያስረክባል፣ ሥራው እዚያ ያልቃል። ድራይቨር ግን የሲስተሙ እምብርት በሆነው ከርነል ውስጥ፣ በዋናው ፕሮሰሰር፣ ከሁሉም በላይ በሆነ ሥልጣን ይሠራል። የኢንቴል ዋይፋይ ድራይቨሩ ክፍት ነው፣ ፈርምዌሩ ብቻ ነው የተዘጋው። የዚህኛውን ቺፕ በተግባር የሚያሠራው ደግሞ ደብሊውኤል የሚባለው የብሮድኮም ድራይቨር ነው፤ እሱ ከውጭ ስስ ክፍት ኮድ አለው፣ ሆዱ ግን ሶርስ ኮዱ የማይታይ ነው። በዚህ የተነሳ ዴቢያን ነን-ፍሪ-ፈርምዌር በሚለው አዲስ ክፍል ሳይሆን በድሮው ነን-ፍሪ ውስጥ ነው ያስቀመጠው። ዴቢያን 12 ሲጫን ደግሞ የሚከፍተው ነፃው ሶፍትዌር ያለበትን ሜይንን እና ነን-ፍሪ-ፈርምዌርን ብቻ ነው። መጫኛው የካርዱን ድራይቨር ያልያዘው፣ ልጁም ፓኬጁን ቢፈልግ የማያገኘው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ያ አዲስ ክፍል ሲፈጠር ብዙ ሰው የቢሮክራሲ ጣጣ ነው ብሎ ነበር። እኔ ግን ከ2022ቱ ውሳኔ የተሻለው ነገር እሱ ይመስለኛል። የዋይፋይ ፈርምዌር የፈለገ ሰው ዝግ ፕሮግራም ለሞላበት ሪፖ (የፓኬጅ ማከማቻ) በሩን መክፈት የለበትም። ድንበሩ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው የተሰመረው።

ከቁጥር 7 እስከ 10 ያለው አሠራሩ ነው። አፕት የሚባለው የፓኬጅ መጫኛ የሚያወርድባቸው ምንጮች የተዘረዘሩበት ፋይል ላይ ኮንትሪብ እና ነን-ፍሪ የሚሉትን ቃላት በየመስመሩ ጫፍ መጨመር፣ ዝርዝሩን ማደስ፣ ከዚያ የከርነል ሄደሮችንና (ሞጁል ለመገጣጠም የሚያስፈልጉ የከርነሉ ፋይሎች) ደብሊውኤልን የያዘውን ብሮድኮም-ኤስቲኤ-ዲኬኤምኤስ የተባለውን ፓኬጅ መጫን። ዲኬኤምኤስ ሞጁሉን፣ ማለትም ከርነሉ ላይ የሚጨመረውን ድራይቨር፣ እዚያው ማሽኑ ላይ የሚገጣጥመው መሣሪያ ነው። ቁጥር 8 አንድ ሰው ካልነገረህ የማታውቀውን ነገር አስታወሰ፦ መጀመሪያ ሲስተሙን አሻሽለህ ሪስታርት አድርግ። አለበለዚያ የምታወርደው ሄደር የአዲሱ ከርነል ይሆንና የምትሠራበት አሮጌው ስለሆነ ሞጁሉ አይገጣጠምም፤ ሁሉም ነገር ተጭኖ ዋይፋዩ አሁንም የለም። ቁጥር 9 ይህ ሁሉ ኢንተርኔት እንደሚፈልግ፣ ማክቡክ ኤይር ደግሞ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ እንደሌለው አነሳ። ልክ ነው። ዋይፋይ ለማግኘት ኢንተርኔት፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ዋይፋይ። ቁጥር 10 አንድሮይድ ስልክ በኬብል ሰክቶ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ ማካፈል) ማብራት በቂ እንደሆነ ነገረው፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ ያለ፣ ነፃ የሆነ ነው።

ጨዋው ክፍል ይህ ነበር።

ቁጥር 11 ቨርጂኒያ የሚኖር ሰው ነው። የሚጠቀመው ትሪስኬል ነው፤ ስፔን ውስጥ ጋሊሺያ የተጀመረ፣ የነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ሙሉ በሙሉ ነፃ ናቸው ብሎ ባወጣው ዝርዝር ውስጥ ያለ ዲስትሮ (የሊኑክስ ዓይነት)። ከርነሉም ዝግ ነገር ሁሉ ተለቅሞ የወጣለት ሊኑክስ-ሊብሬ ነው። ሰውየው በዴቢያን ላይ ቂም አለው። ዴቢያን እዚያ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ እንደማያውቅ፣ ምክንያቱም ዝግ ፓኬጆችን በራሱ ሰርቨር እንደሚያስተናግድ፣ በ2022 ደግሞ የቀረችውን እፍረት እንደጣላት ጻፈ። ለተማሪው የሰጠው ምክር ላፕቶፑን ሸጦ ነፃ ሶፍትዌር የሚቀበል ማሽን እንዲገዛ ነው።

ቁጥር 12 አንድ መስመር ናት፤ የላፕቶፕ መግዣውን ቨርጂኒያ ያለው ሰው ይላክለት የምትል። ሃያ ምናምን ሰው ወደዳት። ቁጥር 13 እና 14 ስድብ ስለነበረባቸው ተነሥተዋል።

ቁጥር 15 ክርክሩን መልሶ ወደ ቁም ነገር አስገባው፣ ምንም እንኳ ቃናው ቢከርርም። ጥያቄው ቀጥተኛ ነው፦ የትሪስኬሉ ሰው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ማይክሮኮድስ (ፕሮሰሰሩ ራሱ የሚመራበት ኮድ) ነፃ ነው ወይ? በጥር 2018 ሜልትዳውን እና ስፔክተር የተባሉት የፕሮሰሰር ክፍተቶች ይፋ ሲሆኑ ከመከላከያው ከፊሉ የመጣው በማይክሮኮድ ማሻሻያ ነው። ማይክሮኮዱ ዝግ ነው። ማሻሻያውን አልጭንም ያለ ሰው ዝግ ኮድን አላስወገደም፤ ፋብሪካው የሰጠውን፣ ስህተት ያለበትን አሮጌውን ዝግ ኮድ ይዞ ቀረ።

ለዚህ ቁጥር 16 የሰጠው መልስ ጥሩ ነበር፣ ከማን እንደመጣ አይታችሁ አትለፉት። የቨርጂኒያው ሰው ራሱ ነው። መስመሩን የሚያሰምረው ተጠቃሚው ሶፍትዌር ብሎ የሚጭነውና የሚቀይረው ነገር ላይ እንደሆነ፣ ቺፑ ውስጥ ተቀርጾ የመጣው እንደ ሃርድዌር እንደሚታይ አስረዳ። ፋውንዴሽኑ ለሃርድዌር የምስክር ወረቀት ሲሰጥም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው፤ ተጠቃሚው እንዲቀይረው ላልታሰበ ረዳት ፕሮሰሰር የተለየ አስተያየት ያደርጋል። ወጥነት ያለው አቋም ነው። እኔን ግን አላሳመነኝም። ያው አንድ ኮድ ቺፑ ላይ ተቀርጾ ሲመጣ ንጹሕ፣ ከዲስክ ሲጫን ርኩስ የሚሆን ከሆነ፣ አምራቹ ኮዱን ጭራሽ በማይደረስበት ቦታ እንዲደብቀው እየሸለምነው ነው። ከዲስክ የሚጫን ፈርምዌር ቢያንስ ፋይል ነው፤ ይታያል፣ አንድ ቀን የሚመረምረው ሰው ያገኛል።

ቁጥር 17 ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ኮምፒዩተር በተበሳ ካርድ በሚታዘዝበት ዘመን ነው ሥራ የጀመሩት። ሁለቱንም ወገን ልጆቼ ብለው፣ ይህ ጠብ ራሱ ከድራይቨር እንደተወለደ አስታወሱ። የነፃ ሶፍትዌር ንቅናቄ መሥራቹ ሪቻርድ ስቶልማን ኤምአይቲ ሳለ የላብራቶሪው አሮጌ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ ለተጠቃሚዎቹ መልእክት እንዲልክ አድርጎ ሶፍትዌሩን አስተካክሎት ነበር። በኋላ ከዜሮክስ የመጣው ሌዘር ፕሪንተር ግን ያለ ሶርስ ኮድ ነው የመጣው። ኮዱ ያለው ሰው ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተገኘ፤ ሆኖም ላለመስጠት ፈርሟል። ስቶልማን በ1983 ነፃ ሲስተም ለመሥራት የጂኤንዩን ፕሮጀክት ሲያውጅ ይህ ነገር ሆዱ ውስጥ ነበር። የእርሳቸው ነጥብ፣ ዝግ ድራይቨር ሲጫን የሚጠፋው ክብር ሳይሆን ነገ ሲበላሽ የሚያስተካክለው ሰው ነው የሚል ነው። ቁጥር 11 ባለውና በዚህ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። የመጀመሪያው ንጽሕና ነው፣ ይሄ ጥገና ነው። የቨርጂኒያው ሰውም አንቱ ብሎ አመስግኗቸዋል፤ በክሩ ውስጥ ማንንም ያመሰገነው ያኔ ብቻ ነው።

የጥገና ቤቷ ሴት በቁጥር 18 ይህንኑ በልጁ ድራይቨር ላይ አሳየች። ብሮድኮም ደብሊውኤልን ለመጨረሻ ጊዜ ያወጣው በ2015 ነው። ከዚያ ወዲህ ከርነሉ በተለወጠ ቁጥር የሚያስታምሙት የዲስትሮ ሰዎች ናቸው፤ እነሱም መንካት የሚችሉት ያንን የውጭውን ስስ ክፍት ኮድ ብቻ ነው። በ2019 በዚሁ ድራይቨር ላይ የደህንነት ክፍተቶች ይፋ ሆኑ። ኮዱ ክፍት ቢሆን ማንም ይደፍነው ነበር። ሞጁሉ ሲነሳ ከርነሉ መዝገቡ ላይ ተበከልኩ የሚል መልእክት እንደሚጽፍም ነገረችው። ይህ ማስፈራሪያ አይደለም፤ ከርነል ሠሪዎቹ ከዚያ በኋላ የሚመጣን የብልሽት ሪፖርት አይተው፣ ውስጡን ማየት የማንችለው ነገር አለበት ብለው እንዲያልፉት የተቀመጠ ምልክት ነው።

ቁጥር 19 ፈርምዌርስ ቢሆን ምን ያህል የታሰረ ነው ብሎ ተነሳባት። የፒሲአይ ካርድ የማሽኑን ሜሞሪ በቀጥታ መድረስ እንደሚችል፣ ስለዚህ ካርዱ ላይ ያለው ኮድ በውጭ የተቀመጠ እንግዳ ተደርጎ መታየት እንደሌለበት ጻፈ። ትክክል ነው። እሷም ተቀበለችው፤ ካርዶች የሚደርሱበትን ሜሞሪ የሚገድበው አዮኤምኤምዩ ሲበራ ጉዳቱ እንደሚቀንስ ብቻ ጨመረች።

ቁጥር 20 ሦስተኛ መንገድ አመጣ። አቴሮስ ኤአር9271 የሚባል ቺፕ ያለበት ትንሽ የዩኤስቢ ዋይፋይ መግዛት። የዚህ ቺፕ ፈርምዌር በ2013 ተከፍቷል፣ ዴቢያን ሜይን ውስጥ አለ፤ ድራይቨሩም ፈርምዌሩም ነፃ ነው። ቁጥር 21 መርካቶ ሄዶ በስሙ ብቻ የገዛ ሰው ነው። ማሸጊያው ያው፣ ቅርፁ ያው፣ የሞዴል ቁጥሩ ያው፤ ከጀርባው በደቃቅ ጽሑፍ ስሪት 2 ይላል። ከስሪት 2 ጀምሮ ውስጡ ሌላ ቺፕ ነው። ሻጩን ሲጠይቀው ዋይፋይ ዋይፋይ ነው ብሎ መለሰለት። ዩኤስቢ ዋይፋይ የምትገዙ ሰዎች ከካርቶኑ አውጥታችሁ ጀርባውን አንብቡ።

ከዚህ በኋላ ወሬው ተበተነ። ቁጥር 22 ስለ ግራፊክስ ካርድ ሠሪው ኤንቪዲያ ጠየቀ፤ ኤንቪዲያ ያልተነሳበት የሊኑክስ ክር የለም። ቁጥር 23 በ2012 የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ፊንላንድ አዳራሽ ውስጥ ለኩባንያው ያሳየውን ጣት አስታወሰ። ቁጥር 24 ከዚያ ወዲህ ያለውን ነገረው። ከጂቲኤክስ 900 ካርዶች ወዲህ ኤንቪዲያ የፈረመበት ፈርምዌር ካልተገኘ ነፃው ኑቮ ድራይቨር የካርዱን ፍጥነት ከፍ ማድረግ አይችልም፤ ሞተሩ በአንደኛ ማርሽ ብቻ እንዲሄድ የተደረገ መኪና ማለት ነው። በግንቦት 2022 ኩባንያው ቱሪንግ ለሚባለው የካርድ ትውልድና ከዚያ ወዲህ ላሉ ካርዶች የከርነል ሞጁሉን ከፈተ። የግራፊክስና የስሌት ሥራ የሚሠሩት ኦፕንጂኤል እና ኩዳ ያሉበት የላይኛው ክፍል ግን አሁንም ዝግ ነው። ያልተፈረመ ኮድ እንዳይነሳ የሚያግደው ሴኪዩር ቡት የበራበት ማሽን ላይ ዲኬኤምኤስ የሠራው ሞጁል በራሳችሁ ቁልፍ ተፈርሞ፣ ቁልፉ ደግሞ ሪስታርት ስታደርጉ በሚመጣው ሰማያዊ ስክሪን ላይ መመዝገብ እንዳለበትም አስጠነቀቀ። ያንን ስክሪን ዝም ብሎ ያለፈ ሰው ድራይቨሩ ለምን እንዳልተነሳ ሲፈልግ ያድራል።

ቁጥር 25 ፌዶራ በሚባለው ሌላ ዲስትሮ ላይ ቪዲዮ አልከፍት ማለቱን ከዚሁ ጋር ደባለቀው። ቁጥር 26 ኮደክ (ቪዲዮና ድምፅ የሚፈታው ኮድ) ሌላ ጣጣ ነው ብሎ አረመው። ኮደኮቹን የያዘው ኤፍኤፍኤምፔግ ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ ፌዶራ የሚፈራው ፓተንቱን ነው። ተጠቃሚዎቹ አርፒኤም ፊውዥን የሚባለውን የውጭ ሪፖ የሚጨምሩት ለዚህ ነው። ኤምፒ3 ላይ የነበረው ፈቃድ በ2017 ካበቃ በኋላ ያኛው ራስ ምታት ቀርቷል።

ቁጥር 27 እስከ 29 ደግሞ ስለ ፎንት ናቸው፤ ማን እንዳመጣው ፈጣሪ ይወቅ። አንዷ ቢሮ የምትሠራ እህት በኒያላ የተጻፈ የሦስት ገጽ ደብዳቤ ሊብሬኦፊስ ላይ ስትከፍተው አራት ገጽ ሆኖ፣ ፊርማው ብቻውን አራተኛው ላይ እንደሚወድቅባት ጻፈች። ኒያላ የማይክሮሶፍት ነው፣ የዊንዶውስ ፎንት ነው። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ በነፃ ይገኛሉ፤ ግን የፊደሎቹ ስፋት ስለሚለይ ገጹ ይንሸራተታል። አንዱ ኒያላን ከዊንዶውስ ኮፒ አድርጊ አላት፣ ሌላው ላይሰንሱን አነሳባት። እሷ ደብዳቤው ነገ ጠዋት እንደሚፈለግ ነገረቻቸውና ጠፋች።

በቁጥር 30 ተማሪው ተመለሰ። ዋይፋዩ ሠርቷል። ደብሊውኤልን ጭኗል፣ ወደፊት ግን አጎቱን የዩኤስቢውን ዋይፋይ አስልኮ በእሱ እንደሚተካው፣ ያኔ ነን-ፍሪ የሚለውን ከፋይሉ አጥፍቶ ነን-ፍሪ-ፈርምዌርን ብቻ እንደሚተው ጻፈ። የቁጥር 6ን መልስ ያነበበ ልጅ ነው። የቨርጂኒያው ሰው በቁጥር 31 ይህ ከጠበቀው የተሻለ እንደሆነ አመነ፤ ከእሱ አፍ ይህ ብዙ ነው። ጋሼ በቁጥር 32 ከርነሉ በተሻሻለ ቁጥር ሄደሩ አብሮ መምጣቱን እንዲያይ፣ አለበለዚያ አንድ ቀን ጠዋት ዋይፋዩ እንደገና እንደሚጠፋበት መከሩት።

ቁጥር 33 እንደገና ተማሪው ነው። ካሜራውም እንደማይሠራ አሁን ነው ያየው።

የጥገና ቤቷ ሴት በቁጥር 34 ነገሩን አስረዳችው። የዚህ ማሽን ካሜራ እንደ ተለመደው በዩኤስቢ ሳይሆን በፒሲአይ የተገናኘ ነው፤ ቺፑም ያው የብሮድኮም ነው። ድራይቨሩ ክፍት ነው፣ በጎ ፈቃደኞች ከውጭ ሆነው መርምረው የጻፉት፤ ግን ዋናው ከርነል ውስጥ የለም። ፈርምዌሩ ደግሞ ዝግ ነው፣ አፕል ለማክ ካወጣው ድራይቨር ውስጥ ተቆርጦ መውጣት አለበት። ከዋይፋዩ ጋር ሲተያይ የተገላቢጦሽ መሆኑ ነው። እኔም ለዚህ ሌላ ክር ክፈት አልኩት። ከፍቷል። እስካሁን ስድስት መልስ አለው፤ አራቱ ስለ ፎንት ናቸው።